ሳይሳሳ የቀለለው ዲስክ፦ ባሕር ዳር ላይ በዓሣ ሚዛን የተፈተነ ፍሬን

አጎቴ የደወሉልኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሐምሌ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። «ከሰዓት በኋላ ቀብድ ልከፍል ነው። እስቲ ብቅ በልና መኪናዋን እያት» አሉኝ።

መኪናዋ ፖርሽ ካየን ቱርቦ ናት። 2012 ሞዴል። ባለቤቷ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። በደላላ በኩል ባሕር ዳር ድረስ ልኳት፣ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ግቢ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ቀብዱን እስከ ሰኞ ያቆዩት» አልኳቸው።

«ሌላ ሰው ይወስዳታል እያለ ነው እኮ።»

«ይውሰዳት። እስከ ሰኞ ብቻ ይታገሱኝ።»

ጥድፊያቸው ይገባኛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለችው መኪና ሁሉ ተወዳለች። ደላላ ደግሞ ይህን ያውቃል። ሰው ሲቸኩል የሚያየው ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ የሞተሩን ድምፅ ነው። ጎንበስ ብሎ ከጎማው ጀርባ የሚያይ ጥቂት ነው።

እኔ ባሕር ዳር ጋራዥ ከከፈትኩ 14 ዓመቴ ነው። አብዛኛው ሥራዬ ቪትዝ፣ ኮሮላና ዶልፊን ነው። ከዚያ በፊት ግን ዱባይ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የዚህ ዓይነት ፍሬን ያየሁት እዚያ ነው። ስለዚህ ደላላው «ፍሬኗ ሴራሚክ ነው፣ ዕድሜ ልክ አይቀየርም» ሲል ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልግለጸው። የተለመደው የፍሬን ዲስክ ብረት ነው። ሲያልቅ ይታያል። ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ሸራ በነካው ቦታ ይሳሳል፣ ጠርዙ ላይ ከንፈር ያወጣል። ጥፍርህን ስታሳልፍበት ይይዝሃል። ውፍረቱን በቬርኒየር ትለካለህ፣ ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት ጋር ታስተያያለህ፣ አለቀ። ውፍረት ካለው ቶርኖ ቤት ወስደህ ታስተካክለዋለህ።

ካርቦን ሴራሚክ እንደዚያ አይደለም። ይህ ዲስክ የሚሠራው ከካርቦን ክር ነው። ክሩ ተጨምቆ በምድጃ ውስጥ ከጠጠረ በኋላ፣ የቀለጠ ሲሊከን እንዲጠጣ ይደረጋል። ሲሊከን የሚቀልጠው ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሲሊከን ካርባይድ ይፈጥራሉ፤ ለመሳያ ድንጋይ የሚያገለግለው ያ ጠንካራ ነገር ነው። ዲስኩ ከብረቱ በግማሽ ገደማ ይቀላል። አይዝግም። በሰበቃ የሚሳሳው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ፖርሽ ይህን ፍሬን በ911 ጂቲ2 ላይ ካወጣው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በተለመደው የከተማ መንገድ ላይ በእርግጥ ብዙ ዘመን ይኖራል።

ግን ውስጡ ካርቦን ነው። በእኛ ቋንቋ ከሰል ነው። ከሰል ደግሞ በጣም ከጋለና አየር ካገኘ ይነዳል። ማታ ምድጃ ላይ የተውከውን ከሰል ጠዋት አይተኸው ታውቃለህ? ቅርጹ እንዳለ ይቆይሃል። ቁመቱም ውፍረቱም ያው ነው። ስታነሳው ግን ክብደት የለውም፤ ጫን ካልከው ብን ይላል። ካርቦን ሴራሚክ ዲስክም ከ400 እስከ 500 ዲግሪ በላይ ደጋግሞ ሲግል ውስጡ ያለው ካርቦን ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ውፍረቱ ሳይነካ ውስጡ ባዶ ቀዳዳ ይሆናል። ለዚህ ነው ፋብሪካው ዲስኩ ላይ ከዝቅተኛ ውፍረት ሌላ ዝቅተኛ ክብደት የሚቀርጸው። ይህን የማያውቅ ሰው በቬርኒየር ለክቶ «አዲስ ነው» ይልሃል። አይፈረድበትም፤ የለመደው ብረት ነው።

ወደ ሆቴሉ ግቢ ልመለስ። መጀመሪያ ዲስኩ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ፖርሽ ካርቦን ሴራሚክ ላላቸው መኪኖቹ ካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል፣ ቢጫ ይቀባል። ቢጫ ቀለም ግን ማንም ገዝቶ ይቀባል። አጠገቧ አንዲት ቪትዝ ቆማ ነበር። የቪትዟ ዲስክ በአንድ ሌሊት ዝናብ ብርቱካንማ ዝገት ለብሷል። የካየኗ ግን ደረቅ ግራጫ እንደሆነ ነው። ከአሮጌ ስፒከር የፈታሁትን ማግኔት ከኪሴ አውጥቼ በቸርኬው ክፍተት አስጠጋሁት። አልያዘም። እውነተኛው ነው። ደላላው ፈገግ አለ። አጎቴም ፈገግ አሉ። እኔ ግን ጭንቀቴ የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም የአንዱ ዲስክ ዋጋ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው የሚቆጠረው።

አጎቴን አስቀምጬ ወደ ቤዛዊት ነዳሁ። ፍሬን ለመፈተን ባሕር ዳር ውስጥ ከዚህ ኮረብታ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እስከ ቤተ መንግሥቱ አጥር ወጥተን፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ሳልይዝ በፍሬን ብቻ ወረድኩ። ይህን ለሰው አልመክርም፤ ሆን ብዬ ዲስኮቹን ላሞቃቸው ፈልጌ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያደረግሁት። ፔዳሉ ጠንካራ ነው። መሪው አይንቀጠቀጥም። መኪናዋ ወደ አንድ ወገን አትጎትትም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስማምቶ እጅ ይጨባበጣል።

ታች ስንደርስ ከርቀት ሙቀት የሚለካውን መሣሪያ አወጣሁ። የኋላ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። የፊት ቀኙ 140 ዲግሪ አሳየ። የፊት ግራው 190። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። በአንድ ቁልቁለት፣ በአንድ ፔዳል፣ አንዱ ጎን በ50 ዲግሪ በልጦ መገኘቱ ያለ ምክንያት አይሆንም። ግራው ካሊፐር ሸራውን ከዲስኩ ላይ አለቀቀም ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ዲስኩ ወልቆ መታየት አለበት» አልኳቸው።

ደላላው ተቆጣ። «መኪና ገና ሳትገዙ ልትበትኗት ነው እንዴ?» አለ። ንዴቱ ልክ ነው። የሰው ንብረት ነው። አጎቴ አሰብ አደረጉና «ምንም ካልተገኘ የሥራውን ሙሉ ወጪ እኔ እከፍላለሁ፤ ዋጋም አልከራከርም። አንድ ነገር ከተሰበረም እኔ አለሁ» አሉት። ባለቤቱ በስልክ ተጠየቀ፤ ፈቀደ። እኔ በልቤ ይህን ሰው አከበርኩት። የሚደብቅ ሰው አይፈቅድም። በኋላ እንደተረዳሁትም፣ እሱም አላወቀም ነበር።

የእነዚህ ዲስኮች ትልቁ ጠላት ከሙቀት ቀጥሎ ጎሚስታ ነው። ይህን ስል ጎሚስታን ማማት አይደለም። ካየን እንደ ቶዮታ ጎማውን የሚሸከምለት የቆመ ብሎን የላትም። ብሎኑ ከውጭ ገብቶ ነው የሚታሰረው። ስለዚህ የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ ያ ከባድ ቸርኬ ይወርድና የዲስኩን ጠርዝ ይመታል። ብረት ቢሆን ምንም አይሆንም። ካርቦን ሴራሚክ ግን እንደ ሸክላ ይሸረፋል። እኔ ሁለት አሮጌ ብሎኖች ቶርኖ ቤት ወስጄ ጭንቅላታቸውን አስቆርጬ አስረዝሜ ያሠራኋቸው ዘንጎች አሉኝ። መጀመሪያ ሁለት ብሎን ፈትቼ እነሱን በቦታቸው አስገባለሁ። ጎማው በዘንጎቹ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል፣ አይወርድም።

ቀኙ ንጹህ ወጣ። የግራው ዲስክ ውጭ ጠርዝ ላይ ግን የባቄላ ክክ የሚያህል ሽርፍ ነበረ። ከአቧራው እንዳየሁት የቆየ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ጎማዋን ሲፈታ ወድቆበታል። ትንንሽ ሽርፍ ሁሉ ዲስክ አያስጥልም፤ የሚፈቀደው መጠን በፋብሪካው መመሪያ ላይ አለ። መዝግቤ አለፍኩ።

አሁን ወደ ዲስኩ ፊት። የእጅ ባትሪዬን ከጎን አስጠግቼ ወደ ዲስኩ አበራሁ። ከፊት ለፊት ካበራህ ምንም አታይም፤ ብርሃኑ እንደ ማለዳ ፀሐይ በጎን መምጣት አለበት። የቀኙ ዲስክ ለስላሳ ነው። እንደ ሸረሪት ድር የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉበት። እነዚህን አይቶ «ተሰንጥቋል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይደለም፤ ሲሠራ ጀምሮ ያሉ ናቸው። የሚያስፈራው ዲስኩ ላይ ከተበሱት ቀዳዳዎች አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ ወይም እስከ ጠርዝ የሚደርስ ስንጥቅ ነው። ያ አልነበረም።

ግራው ግን ሌላ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን አሳለፍኩበት። መሐል ቀለበቱ ላይ ሸካራ ሆነብኝ፤ እንደ ላመ ዱቄት ሳይሆን እንደ ገርድፍ። በባትሪው ብርሃን ክሮቹ ብቅ ብቅ ብለው፣ በመካከላቸው መርፌ የወጋው የሚመስል ጥቃቅን ጉድጓድ ይታያል። የቀዳዳዎቹ ከንፈርም በቀኙ ስለታም ነው፣ በግራው ተበልቶ ክብ ሆኗል። አንዳንድ ዲስኮች ፊታቸው ላይ ሦስት ትንንሽ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አሏቸው። ከቀሪው ቀድመው እንዲቃጠሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በቀኙ ሦስቱም ድፍን ናቸው። በግራው ሁለቱ ተፈርፍረዋል።

ጋራዤ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች በቬርኒየር ለኩ። ሁለቱም እኩል ናቸው። ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረትም በደንብ ይበልጣሉ። ደላላው «ይኸው!» አለ።

ሚዛን ያስፈለገን እዚህ ላይ ነው። የዚህ ዓይነት ዲስክ ጤና በደንብ የሚለካበት ካርቦቴክ የሚባል መሣሪያ አለ። ዲስኩ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ በኤሌክትሪክ ሞገድ ውስጡ የቀረውን ካርቦን ይለካል፤ ውጤቱን ዲስኩ አዲስ እያለ ከተቀረጸበት ቁጥር ጋር ታነጻጽራለህ። እኛ ጋ የለም። ያለን ሚዛን ነው። ለዚያውም የሚያስፈልገን እስከ 10 ኪሎ ተሸክሞ ግራም የሚለይ ሚዛን ነው። የወርቅ ቤቱ ትንሽ ነው። የእህል በረንዳው ትልቅ ነው፤ በግራም አይናገርም። አንዱ ልጅ «የዓሣ ቤቷስ?» አለ። ልክ ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ ቆሮሶና አምባዛ የሚመዝኑበት 30 ኪሎ የሚሸከም፣ በ5 ግራም የሚቆጥር የኤሌክትሪክ ሚዛን አላቸው።

ዲስኮቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ሄድን። «እትዬ፣ ሚዛንዎን ለግማሽ ሰዓት ያውሱኝ» አልኳቸው። የታጠበ ፌስታል አነጠፉልኝ። መጀመሪያ የሚዛኑን ታማኝነት ፈተንኩ። ባለ 5 ኪሎውን የብረት መመዘኛ ጫንኩ፤ 5.000 አለ። ሁለት ስጭን 10.000 አለ። ከዚያ ቀኙ። ከተቀረጸው ዝቅተኛ ክብደት 145 ግራም ይበልጣል። ግራው፦ 40 ግራም። ሁለቱም ሦስት ሦስት ጊዜ ተመዘኑ።

እትዬ ዝም ብለው ያዩን ነበርና «ልጄ፣ ይሄኛው ረጥቧል እንዴ?» አሉኝ። የዓሣ ነጋዴ ናቸው። ውሃ ሚዛን ላይ ምን እንደሚያደርግ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። እውነታቸውን ነው። ዲስኮቹን ከመምጣታችን በፊት አጥበናቸዋል። የቀኙ ጥቅጥቅ ስለሆነ ደርቋል። ግራው ግን ውስጡ ቀዳዳ ሆኗልና ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞታል።

በሐምሌ ባሕር ዳር ፀሐይ ከየት ይመጣል? ጎረቤታችን ዳቦ ቤት ነው። ሁለቱንም ዲስክ ምድጃው አናት ላይ፣ እጅ በሚታገሠው ሙቀት አሳደርናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንደገና መዘንን። ቀኙ አልተለወጠም፤ 145። ግራው ወደ 20 ግራም ወርዷል። የሚዛኑን የ5 ግራም ስህተት ብታስብበት ዲስኩ አፋፉ ላይ ነው።

ለምን ግራው ብቻ? ካሊፐሩን ስንፈታው መልሱ ተገኘ። የአንዱ ፒስተን የአቧራ ላስቲክ ተቀዷል። አቧራና ውሃ ገብቶ ፒስተኑ ወጥቶ አይመለስም። የውስጠኛው ሸራ ከውጭኛው በግማሽ ይሳሳል። ይባስ ብሎ በግራ በኩል የገባው ሸራ ለብረት ዲስክ የተሠራ ነው፤ የቀኙ ግን ትክክለኛው። አንድ ቦታ አንድ ሰው «ይገጥማል» ብሎ አስገብቶታል። ገጥሟልም። መግጠምና መስማማት ግን ለየቅል ናቸው። የሸራው ቅመም ለሌላ ዓይነት ፊትና ሙቀት ነው የተሠራው።

በዚህ ላይ የዓባይ በረሃን ጨምርበት። መኪናዋ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል በተደጋጋሚ ተመላልሳለች። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ፤ ከደጀን በኩል ስትመጣም እንደዚያው። ከ2 ቶን በላይ የምትመዝን መኪና ይህን ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ወደ 30 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ ከሚሰጠው ሙቀት ብዙም አያንስም። ማርሽ ዝቅ ካላደረግህ ያ ሁሉ የሚገባው ዲስኮችህ ውስጥ ነው። ዲስኩ ደህና ሸራና ደህና ካሊፐር ካለው ይችለዋል። ሸራ የማይለቅ ፒስተን ካለው ግን ሜዳው ላይም አያርፍም። ግራው ዲስክ ለዓመታት ያለ ዕረፍት ሲነድ ኖሯል ብዬ ነው የማምነው።

አጎቴን ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። ፍሬን በጥንድ ነው የሚቀየረው፤ ግራው ከሄደ ቀኙም አብሮ ይቀየራል። አንዱ ምርጫ ሁለት አዲስ ካርቦን ሴራሚክ ማስመጣት ነው። ሁለተኛው፣ አውሮፓ ውስጥ ያረጀውን ዲስክ እንደገና ሲሊከን አጠጥተው የሚያድሱ አሉ፤ ከዚህ ልኮ መመለስ ግን ወራት ይፈጃል፣ የተሸረፈውን ይቀበሉት አይቀበሉትም ሌላ ጣጣ ነው። ሦስተኛው አራቱንም ወደ ብረት ዲስክ መመለስ ነው፤ ከተስማሚ ሸራ ጋር። ቶርኖ ቤትን ከወዲሁ ይርሱት አልኳቸው። ካርቦን ሴራሚክ በተራ ቶርኖ አይነካም።

እኔ ሦስተኛውን መከርኩ። ክብደት ይጨምራል፣ አዎ። ነገር ግን አጎቴ እሽቅድድም አይሄዱም። የሚሄዱት ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ አንዳንዴ ጎንደር፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ብረት ሲያልቅ ማንኛውም መካኒክ አይቶ ይነግራቸዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከእኔ ጋራዥ ውጭ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ቢቆሙ፣ ፍሬናቸውን ማንበብ የሚችል ሰው ይኑር።

ሰኞ ለባለቤቱ ደወልን። ፎቶውን፣ የሚዛኑን ቁጥር፣ የተቀደደውን ላስቲክ ላክንለት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «በዚህ ፍሬን ልጆቼን ጭኜ ዓባይን ወርጃለሁ እኮ» አለ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ዋጋውን በአራት የብረት ዲስክ፣ በሸራዎቹና በካሊፐሩ ጥገና ልክ ቀነሰ። ደላላውም ኮሚሽኑን አገኘ። ዕቃው ከዱባይ እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ፈጀ፤ እስከዚያ መኪናዋ አጎቴ ግቢ ቆመች። ቁልፉን እኔ ጋ አስቀምጡ አልኳቸው፤ አስቀመጡ።

የወለቁት ሁለቱ የፊት ዲስኮች አሁን ጋራዤ መደርደሪያ ላይ ናቸው። አዲስ ልጅ ሥራ ሲጀምር ዓይኑን በጨርቅ አስሬ ሁለቱን ላዩ ላይ በጣቱ እንዲዳስስ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው ይላል። ባለፈው ሳምንት የገባው ልጅ ግን ሦስተኛው ዙር ላይ ጣቱን ግራው ዲስክ መሐል ላይ አቆመና «ይሄኛው አሸዋ አሸዋ ይላል» አለኝ።